ከአሥመራ እስከ ምጽዋ፤ ስለ ብስክሌተኛ ኮፍያና ስለ ዕቃ መያዣው

በአሥመራ ከተማ ሁለት ብስክሌት ወዳጆች ለቡና ተገናኝተው የተቀመጡ እንደ ሆነ፥ ጨዋታቸው ማን አሸነፈ ከሚለው ይጀምርና ምን ለብሶ፥ ምን ጭኖ ሄደ ወደሚለው መዞሩ አይቀርም። አንደኛው የኮፍያን ነገር ያነሣል፤ ሁለተኛው የከረጢትን። ሦስተኛ ሰው ከጎረቤት ጠረጴዛ ጣልቃ ይገባና ሱፍ ከናይሎን እንደሚሻል ይከራከራል። ይህን ክርክር ከዳር ሆኖ የሚሰማ ሰው የልብስና የጌጥ ወሬ ሊመስለው ይችላል። ነገሩ ግን ከዚህ የጠለቀ ነው። ከዚህች ከተማ ተነሥቶ የብስክሌቱን መሪ ወደ ምሥራቅ የሚያዞር ሰው በአንድ ቀን ጥዋት ከብርድ ወደ ሐሩር የሚወርድ ስለ ሆነ፥ በራሱ ላይ የደፋውና በብስክሌቱ ላይ ያሰረው ነገር በሕይወቱ ላይ የሚፈርድበት ጊዜ አለ።

አሥመራ ከባሕር ጠለል በላይ 2300 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በደጋው ጫፍ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ምጽዋ ደግሞ ውኃው ዳር ናት። ሁለቱን የሚያገናኘው መንገድ 115 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፥ ከአሥመራ ጥቂት እንደ ራቀ ወደ ነፋሲት እየተጠማዘዘ ይወርዳል፤ ከዚያም በጊንዳዕና በዶንጎሎ በኩል አድርጎ ወደ ቆላው ሜዳ ይዘልቃል። የአየር ጠባይ መርማሪዎች እንደሚያስረዱት፥ ሰው 1000 ሜትር በወረደ ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ ስድስት ተኩል ዲግሪ ያህል ይጨምራል። እንግዲህ የባሕሩ ዳር ሙቀት ከአሥመራው በ15 ዲግሪ ያህል ይበልጣል ማለት ነው። በዚህም ላይ ከኅዳር እስከ የካቲት ባሉት ወራት፥ ደጋው ፀሐይ ሆኖ ሳለ፥ የምሥራቁ ተዳፋት ጉምና ካፊያ ይለብሳል፤ መንገዱም ይረጥባል። በመኪና የሚሄድ ሰው መስኮቱን ዘግቶ ወይም ከፍቶ ነገሩን ይጨርሳል። ለብስክሌተኛ ግን መስኮቱ ልብሱ ነው።

የቃል ነገር ሥራችን ስለ ሆነ አንድ ትዝብት ጣል ሳናደርግ አናልፍም። ተወዳዳሪው የሚለብሰው ማልያ፥ ዕቃውን የሚከትበት ቦርሳ፥ በእጁ የሚያጠልቀው ጓንት፥ የሚነፋው ጎማና የሚነፋበት ፖምፓ፥ ሁሉም ስማቸውን ከጣልያንኛ ያገኙ ናቸው። ነገር ግን አማርኛ የራሱን ቃል ያልለቀቀባቸውም አሉ፤ የሚቀመጡበት ኮርቻ ነው፥ የሚያስሩበት ጠፍር ነው፥ የሚያጠብቁበት ዘለበት ነው። ይህ ሁሉ የበቅሎ ዕቃ ስም ነው። ብስክሌት ከባሕር ማዶ የመጣ ቢሆንም፥ የእኛ ሰው እንደ በቅሎ ሳይመለከተው አልቀረም። እንደ በቅሎም ሁሉ መጫን የሚያውቅበትና የማያውቅበት ሰው አለ።

ብስክሌት ወደ ኤርትራ የገባው ከጣልያኖች ጋር ነው። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በመጀመሪያ ውድድሩ የነሱ ብቻ ነበር፤ ያገሩ ተወላጅ ዳር ቆሞ እንዲመለከት እንጂ እንዲወዳደር አይፈቀድለትም ነበር። በ1939 ዓ. ም. ግን ከነሱ ጋር የመወዳደር ዕድል ያገኘው ገብረማርያም ገብሩ ጣልያኖቹን ቀድሞ አሸነፈ። በ1946 ዓ. ም. የመጀመሪያው የኤርትራ ዙር ተካሄደ፤ ቆይቶም ለብዙ ዘመን ተቋረጠና በ2001 ዓ. ም. እንደ ገና ተጀመረ። በ2015 ዓ. ም. ዳንኤል ተክለሃይማኖት በፈረንሳይ ዙር ዳገት በመውጣት ለሚመራው ሰው የሚሰጠውን ቀይ ነጠብጣብ ያለበትን ማልያ ከጥቁር አፍሪካውያን የመጀመሪያው ሆኖ ለበሰ። በ2024 ዓ. ም. ደግሞ የአሥመራው ተወላጅ ቢንያም ግርማይ በዚያው ዙር በሦስት ቀን ውድድሮች አሸንፎ አረንጓዴውን ማልያ የግሉ አደረገ።

ማልያን ካነሣን ዘንድ ጋዜጣ ለብስክሌት የዋለውን ውለታ እንናገር። የፈረንሳይ ዙር መሪ ከ1919 ዓ. ም. ጀምሮ ቢጫ የሚለብሰው፥ ውድድሩን ያዘጋጅ የነበረው «ሎቶ» የተባለው ጋዜጣ በቢጫ ወረቀት ይታተም ስለ ነበረ ነው ይባላል። የጣልያን ዙር መሪም ከ1931 ዓ. ም. ጀምሮ የጽጌረዳ ቀለም ያለው ማልያ የሚለብሰው «ጋዜታ ዴሎ ስፖርት» በዚያ ቀለም ወረቀት ስለሚታተም ነው። ሁለተኛው የጋዜጣ ውለታ ግን ከዚህ ይበልጣል። ዳገቱን ወጥቶ በላብ የረጠበ ብስክሌተኛ ቁልቁለቱን ከመጀመሩ በፊት፥ ከመንገድ ዳር ጋዜጣ ይቀበልና በማልያው ውስጥ ደረቱ ላይ ይዘረጋዋል። ወረቀቱ ነፋሱን ይመልሳል፤ በላብ የራሰውም ልብስ በነፋስ ብዛት እንደ በረዶ ቀዝቅዞ ሳንባውን እንዳይመታው ያደርጋል። ዛሬ ተጣጥፎ በኪስ የሚገባ ቀላል የነፋስ መከላከያ ሰደርያ ተሠርቷል፤ ቢሆንም ሰደርያውን ለመግዛት ዐቅም ላነሰው ወጣት ሁለት እጥፍ ጋዜጣ እስከ ነፋሲት ድረስ መልካም አገልግሎት ይሰጠዋል። ይህን ገጽ ለዚሁ ሥራ የሚያውለው አንባቢ ቢኖር አንቀየመውም፤ አንብቦ ከጨረሰ በኋላ እንዲሆን ብቻ እንለምነዋለን። ጊንዳዕ ሲደርስም አጥፎ በኪሱ ይክተተው እንጂ በመንገድ አይጣለው።

አሁን ወደ ኮፍያው እንለፍ። የብስክሌተኛ ኮፍያ ከስስ የጥጥ ጨርቅ የተሰፋ፥ ከራስ ቅል ጋር ተለጥፎ የሚቀመጥ፥ በግንባር በኩል አጭር ጥላ ያለው ነገር ነው። በአሥመራ ጎዳና ሙሉ ልብስ ለብሰውና ባርኔጣ ደፍተው፥ ወገባቸውን ቀጥ አድርገው በዝግታ የሚነዱ አዛውንት የዚህች ከተማ ጌጥ ናቸው፤ እንዲህ ላለው አካሄድ ባርኔጣ ይበቃል። ጎንበስ ብሎ በኃይል ለሚነዳ ሰው ግን ሰፊ ክፈፍ ነፋሱን ሰብስቦ ባርኔጣውን ያስወስድበታል። የትንሹ ኮፍያ ጥላ አጭር የሆነው ስለዚህ ነው። ሰውየው ራሱን ዝቅ አድርጎ ሲነዳ አሻግሮ ማየት እንዲችል ጥላውን ወደ ላይ ያጥፈዋል፤ ፀሐይ ወይም ካፊያ ከፊት ሲመጣበት ወደ ታች ይመልሰዋል፤ ፀሐይ ከኋላ ስትሆን ደግሞ ኮፍያውን አዙሮ ማጅራቱን ያስጠልልበታል።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ጥቅሙ ግን የማይታየው ነው። ጥጡ የግንባርን ላብ ስለሚጠጣ ጨው ወደ ዐይን አይወርድም። በሜዳ ላይ ዐይን ቢያቃጥል ቆሞ መጥረግ ይቻላል። በነፋሲት ጥምዝ ላይ አንዱ እጅ ፍሬን ይዞ ሌላው ዐይን ሲጠርግ፥ ከፊትም የጭነት መኪና ሲመጣ፥ የአንዲት ቁራጭ ጨርቅ ዋጋ ምን ያህል እንደ ሆነ ያን ጊዜ ይታወቃል። ከናይሎን የተሠራውን ኮፍያ የሚያወድሱ አሉ፤ ቶሎ ይደርቃል ይላሉ። እውነት ነው ይደርቃል፤ ላቡን ግን እንደ ጥጥ አይጠጣም። በዚህ ክርክር እኛ ከጥጡ ወገን ነን።

የክርክሩ ሁሉ ራስ፥ ኮፍያ ብቻውን ይበቃል ወይስ የራስ ቁር ያስፈልጋል የሚለው ነው። የዱሮውን ዘመን የሚወዱ ሰዎች የእነ ፋውስቶ ኮፒን ሥዕል እየጠቀሱ፥ ታላላቆቹ በጨርቅ ኮፍያ ወይም በባዶ ራሳቸው ተራራውን ሁሉ እንደ ወጡና እንደ ወረዱ ይናገራሉ። አባባላቸው ግማሹ እውነት ነው። የቀረውን ግማሽ የሚነግረን የፋውስቶ ታናሽ ወንድም የሰርሴ ኮፒ ታሪክ ነው። ሰርሴ በ1951 ዓ. ም. በፒዬሞንቴ ዙር ውድድር፥ ወደ ቶሪኖ መግቢያ ላይ፥ ጎማው በትራም ሐዲድ ውስጥ ገብቶ ወደቀ። ተነሣ፤ ውድድሩንም ጨረሰ፤ ወደ ሆቴሉም ገባ። ከዚያ በኋላ ራሱን አመመውና ሆስፒታል ተወሰደ፤ ሳይድንም ሞተ። ወድቆ የተነሣ ሁሉ ደኅና ነው ለሚል ሰው ከዚህ የሚበልጥ መልስ የለንም። ጭንቅላቱ የተመታ ብስክሌተኛ እየሣቀ ቢነሣም ብቻውን ሊተዉት አይገባም።

በ1991 ዓ. ም. የዓለሙ የብስክሌት ማኅበር ተወዳዳሪዎቹን ሁሉ የራስ ቁር ለማስደፋት ቢሞክር፥ ጋላቢዎቹ ሙቀቱን እየጠቀሱ ስለ ተቃወሙ አሳቡ ቀረ። በ1995 ዓ. ም. የባርሴሎና ኦሊምፒክ የወርቅ ባለ ሜዳልያ የነበረው ፋቢዮ ካዛርቴሊ በፈረንሳይ ዙር ቁልቁለት ሲወርድ ያለ ራስ ቁር ወድቆ ሞተ። ይህም እንኳ ደንቡን አላስለወጠም። በመጋቢት 2003 ዓ. ም. የካዛክስታኑ አንድሬ ኪቪልዬቭ ከፓሪስ ወደ ኒስ በሚደረገው ውድድር ላይ በጭንቅላቱ ወድቆ ከሞተ በኋላ ነው፥ በዚያው ዓመት የራስ ቁር ግዴታ የሆነው። እንግዲህ ደንቡ የተጻፈው በሰው ደም ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የራስ ቁር የሚያድነው በጥንካሬው የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ የሚያድነው በመጨፍለቁ ነው። ከላይ ካለው ስስ ቅርፊት ሥር፥ ዕቃ ሲታሸግ ለድጋፍ እንደሚገባው ያለ ነጭና ቀላል ነገር አለ። ጭንቅላት ከመሬት ጋር ሲጋጭ ይህ ነገር ይደቅቃል፤ በመድቀቁም ምቱን በጥቂቱ ያዘገየዋል፤ ያች የዐይን ጥቅሻ የማታህል ጊዜ ለአንጎል ብዙ ናት። አንድ ጊዜ የደቀቀው ግን አይመለስም። ስለዚህ የተመታ የራስ ቁር ከላይ ምንም ባይታይበት ሥራውን ጨርሷል። ከዚህ የሚከተለው ነገር ለወጣቶቻችን ከባድ ነው፤ ሰው ብስክሌትን፥ ጫማን፥ ከረጢትን አሮጌ ገዝቶ ይጠቀማል፤ የራስ ቁርን ግን ታሪኩን ከማያውቀው ሰው ገዝቶ ቢደፋ ራሱን አታለለ እንጂ አልጠበቀም።

ኮፍያና የራስ ቁር ጠላቶች አይደሉም። ስሱ የጥጥ ኮፍያ ከሥር፥ የራስ ቁሩ ከላይ ይሆናል፤ ላቡን አንዱ፥ ምቱን ሌላው ይቀበላል። ወፍራም የሱፍ ቆብ ከሥር አድርጎ የራስ ቁሩን እንደ ዘውድ ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ ግን ከንቱ ነው፤ ሲወድቅ ሸርተት ብሎ ግንባሩን ለድንጋይ ይሰጠዋል። የፊተኛው ጠርዝ ከቅንድብ በላይ ሁለት ጣት ያህል ብቻ ከፍ ይበል፤ በአገጭ ሥር ያለው ማሰሪያም ከአንድ ወይም ከሁለት ጣት በላይ አያስገባ።

የከረጢቱ ነገር ከዚህ ባላነሰ ያጨቃጭቃል። አንዱ ወገን በጀርባ የሚታዘለውን ይወዳል፤ ወርዶ ብስክሌቱን ሲያቆም ዕቃው አብሮት ስለሚሄድ ሌባ አያሠጋውም። ሌላው ወገን ብስክሌቱ ይሸከም እንጂ ሰው ለምን ይሸከማል ይላል። በከተማ ውስጥ ለአጭር መንገድ ሁለቱም ልክ ናቸው። ወደ ምጽዋ ለሚወርድ ግን በጀርባ የታዘለ ከረጢት ሁለት ጉዳት አለው። ጀርባን ሸፍኖ ላቡ እንዳይደርቅ ስለሚያደርግ በላይ በብርድ፥ በታች በሙቀት ያሠቃያል፤ ክብደቱም ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ በጥምዙ ላይ ሰውየውን ወደ ውጭ ይገፋዋል። በአንድ ማሰሪያ በትከሻ የሚንጠለጠለው ደግሞ የባሰ ነው፤ ጎንበስ ሲሉ ተንሸራትቶ ከጉልበት ጋር ይጋጫል።

እዚህ ላይ ወጣቶችን የሚያሳስት አንድ ነገር አለ። በታላላቆቹ ውድድሮች ረዳቶች በመንገድ ዳር ቆመው፥ ፈረንሳዮች «ሙዜት» የሚሉትን ረጅም ማሰሪያ ያለው የጥጥ ከረጢት ለሚያልፉት ጋላቢዎች ያቀብላሉ። ይህን ያየ ወጣት እሱኑ አስመስሎ አሰፍቶ ቀኑን ሙሉ በአንገቱ አጥልቆ ይሄዳል። ጋላቢው ግን ከረጢቱን የሚይዘው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው፤ ምግቡን ወደ ማልያው የኋላ ኪስ፥ ኮዳውን ወደ ብስክሌቱ ካዛወረ በኋላ ያስወግደዋል። ለምግብ ማቀበያ የተፈጠረ ነው እንጂ ለጉዞ አይደለም።

ለጉዞ የተፈጠረው በኮርቻው ሥር በጠፍር የሚታሰረው ከረጢት ነው። በእንግሊዝ አገር በላንካሽር አውራጃ ካራዲስ የተባለው ሠሪ ከ1932 ዓ. ም. ጀምሮ እንዲህ ያለውን ከወፍራም የጥጥ ሸራ ሲሠራ ኖሯል። ሸራው ብልኃት አለው፤ ዝናብ ሲነካው ክሩ አብጦ ቀዳዳውን ይደፍናል፥ ውኃም አያስገባም። ደግሞም ማንኛውም ጫማ ሰፊ ሊጠግነው ይችላል፤ የተቀደደ ናይሎን ግን ለመስፋት ያስቸግራል። ዕቃው የበዛ እንደ ሆነ ከኋላ ጎማ በላይ ባለው የዕቃ መጫኛ፥ በተለምዶ ፖርቶመጋላ በሚባለው፥ ግራና ቀኝ ሁለት ከረጢት ማንጠልጠል ይሻላል። ሁለቱ ክብደታቸው እኩል ይሁን፤ ከባዱ ዕቃ ከታች ይግባ፤ ተረከዝም ከረጢቱን እንዳይመታው ወደ ኋላ ይሳብ። ከመነሣት በፊት ብስክሌቱን ጥቂት አንሥቶ መነቅነቅ ነው፤ የሚንኳኳ ወይም የሚወዛወዝ ነገር ቢኖር እዚያው ይገኛል። በደጅ ላይ ትንሽ የሚወዛወዝ ጭነት በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሲወርድ መሪውን ያንቀጠቅጣል።

ከሁሉ የከፋው ከመሪው ላይ የሚንጠለጠለው ከረጢት ነው። በየዕለቱ እናየዋለን፤ ዳቦውም፥ ሽንኩርቱም፥ የልጁ ደብተርም በዚያው ተንጠልጥሎ ይሄዳል። በሜዳ ላይ ሲሄድ ምንም አይልም። ጥቂት ሲወዛወዝ ግን በፊተኛው ቸርኬ ሽቦዎች መካከል ይገባል፤ ጎማው ባንድ ጊዜ ይቆማል፤ ሰውየው ግን አይቆምም፤ በመሪው ላይ ተሻግሮ በራሱ ይተከላል። ተርፎ የተንጠለጠለ የጠፍር ጫፍም ይህንኑ ያደርጋል። የጠፍሩን ትርፍ ቆርጦ መጣል ወይም በዘለበቱ መልሶ ማሰር የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

በከረጢቱ ውስጥ ምን ይግባ ለሚለው መልሱ አጭር ነው፤ አንድ ትርፍ ካላማዳሪያ፥ መለጠፊያና ማስቲሽ፥ የጎማ ማውለቂያ፥ መፍቻ፥ ጥቂት ዳቦ። ፖምፓው በብስክሌቱ አጥንት ላይ ይታሰር። የዱሮ ተወዳዳሪዎች ትርፍ ጎማቸውን በትከሻቸው ላይ አጣምረው ይሸከሙ ነበር፤ በደንቡ ረዳት ስለማይፈቀድላቸው ነው። በ1913 ዓ. ም. ኤውጄን ክሪስቶፍ የተባለው ፈረንሳዊ በፒሬኔ ተራራ ላይ የብስክሌቱ የፊት ሹካ ተሰብሮበት፥ ብስክሌቱን ተሸክሞ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ በእግሩ ወርዶ፥ በአንድ መንደር አንጥረኛ ቤት በገዛ እጁ ቀጥቅጦ ጠገነው። ዳኞቹ ግን አንድ ልጅ ወናፉን ስለ ነፋለት ቅጣት ጨመሩበት። ዛሬ እንዲህ ያለ ዳኛ የለም፤ በቆላው መንገድ ላይ ግን አንጥረኛም ላይገኝ ይችላል።

ስለ ሱሪው ብዙ አንልም። መቀመጫው ላይ የሚሰፋው ዱሮ እውነተኛ ሌጦ ነበር፤ ታጥቦ ሲደርቅ እንደ ቅርፊት ስለሚደርቅ ቅባት እየቀቡ ያለሰልሱት ነበር። ዛሬ በሰው ብልኃት የተሠራ ለስላሳ ነገር ተተክቶበታል። ቁም ነገሩ ስፌቱ ገላን እንዳይፍቅ ነው፤ ከሥሩም ሌላ የውስጥ ልብስ መደረብ አይገባም።

የገንዘብን ነገር ሳናነሣ ብንተው አድልዎ ይሆንብናል፤ ይህ ሁሉ ዕቃ ከውጭ የሚመጣ ነውና። ወጣቱ ገንዘብ ሲያገኝ አስቀድሞ የሚሮጠው ወደ ማልያው ነው፤ ቀለሙ ያምራል፥ ስሙም የታላቅ ቡድን ነው። በሱቅ የተገዛ ማልያ ግን ፍጥነት አይጨምርም። በእኛ አሳብ መጀመሪያ የፍሬኑ ጎማ ይለወጥ፤ ቀጥሎ አዲስ የራስ ቁር ይገዛ፤ ከዚያ የጥጥ ኮፍያና ጓንት። ጓንቱን ከኮፍያው እኩል ያደረግነው፥ የሚወድቅ ሰው ሳያስብ መሬቱን የሚቀበለው በመዳፉ ስለ ሆነ ነው። ከረጢቱን ከቀላል ሸራ እዚሁ ማሰፋት ይቻላል። ማልያው መጨረሻ ይምጣ።

ፍሬኑን ያስቀደምነውም በከንቱ አይደለም። ቁልቁለቱን ሁሉ ፍሬን ጨብጦ የሚወርድ ሰው ቸርኬውን ያግለዋል፤ ሙቀቱም ወደ ካላማዳሪያው ያልፍና ጎማው ሊፈነዳ ይችላል። ከጥምዙ በፊት በኃይል ይዞ ከጥምዙ በኋላ መልቀቅ፥ ቸርኬውም በነፋስ እንዲበርድ ጊዜ መስጠት ነው። ጭነት የበዛበት ብስክሌት ለመቆም ረዘም ያለ መንገድ ስለሚፈልግ፥ ባለ ከረጢቱ ከባዶው ብስክሌት ቀደም ብሎ ይያዝ።

ምጽዋ ደርሶ በዚያው ቀን በብስክሌቱ ለመመለስ የሚያስብ ሰው ደግሞ ሌላ ሒሳብ ይጠብቀዋል። የወረደው 2300 ሜትር መልሶ ይወጣል፤ በመጀመሪያው ሜዳ ላይም ፀሐይዋ ብርቱ ናት። ሌሊቱ ሳይነጋ ይነሣ፤ የፊትና የኋላ መብራቱም ይሥራ። ጊንዳዕን ከረፋዱ በፊት ቢያልፍ መልካም ነው። ሁለት ኮዳ ውኃ በብስክሌቱ አጥንት ላይ፥ ሦስተኛው በከረጢቱ ውስጥ ይሁን፤ ኮፍያውንም ከመነሣቱ በፊት ነክሮ ይድፋው።